የሕፃናት ለሃጭና የዕድገት ምልክቶች፦ መቼ እንረጋጋ? መቼስ ወደ ሐኪም እንሂድ?



የጤና ሠራተኞች ከእናቶች አዘውትረው ከሚሰሟቸው ጥያቄዎች አንዱ ስለ ለሃጭ ነው። «የልጄ ለሃጭ አላቋርጥ አለ፤ ደረቱ ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ምን ሆኖብኝ ይሆን?» ይላሉ። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በትክክል ካልተመለሰ ሁለት ዐይነት ጉዳት ይከተላል። ጤናማውን ሕፃን ያለ ምክንያት ድዱን የሚያስቆርጡ ወላጆች አሉ፤ እርዳታ የሚያስፈልገውን ሕፃን ደግሞ «ጥርሱ ሊወጣ ነው» እያሉ ብዙ ወራት የሚያሳልፉ አሉ። እናንተም በየአጥቢያችሁና በየጎረቤታችሁ ላሉ ወላጆች ታካፍሉ ዘንድ ጉዳዩን እዚህ በዝርዝር እናስረዳለን።

ለሃጭ ከወዴት ይመጣል?

ምራቅ እግዚአብሔር ለሰውነታችን ከሰጣቸው ጠቃሚ ነገሮች አንዱ ነው። አፍን ያረጥባል፤ ምግብን ያለሰልሳል፤ ጥርስን ይጠብቃል፤ እንደ እንጀራና ገንፎ ያለውን ምግብ መፍጨት የሚጀምረውም እርሱ ነው። የአዋቂ ሰው ምራቅ በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል ይደርሳል። ሳናስበው ስለምንውጠው ግን አይታወቀንም።

ሕፃን ይህን ገና አልተማረም። ከተወለደ 2 ወይም 3 ወር ሲሆነው የምራቅ ዕጢዎቹ ሥራቸውን ያጠናክራሉ። ከንፈሩን ገጥሞ፥ ምራቁን በምላሱ ወደ ኋላ ሰብስቦ መዋጥ ግን ጊዜ የሚወስድ ትምህርት ነው። በዚያው ወራት እጁንና ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚከት ምራቁ ይጨምራል። ስለዚህ ለሃጩ በ6ኛው ወር ገደማ ይበረታል፤ አብዛኞቹ ልጆችም ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ይተዉታል። ከዚያ በኋላም ቢሆን አፍንጫቸው በጉንፋን ሲዘጋ ወይም በጨዋታ ሲመሰጡ እስከ 4 ዓመት ድረስ አልፎ አልፎ ማዝረብረባቸው የሚያስደነግጥ አይደለም።

ድድ መቁረጥ መድኃኒት አይደለም

የመጀመሪያው ጥርስ ብዙውን ጊዜ ብቅ የሚለው በ6ኛው ወር ገደማ ነው። ለሃጩ ግን ከዚያ ብዙ ሳምንታት ቀድሞ ይጀምራል። እንግዲህ ለሃጭን ሁሉ በጥርስ ማሳበብ ልክ አይደለም። ጥርስ ማውጣት ሕፃኑን ሊያነጫንጨውና ድዱን ሊያሳክከው ይችላል፤ ብርቱ ትኩሳትና ተቅማጥ ግን አያመጣም። ትኩሳትና ተቅማጥ ሲኖር ሌላ በሽታ አለ ማለት ነውና ሕክምና ያሻዋል።

በአገራችን በብዙ ስፍራ የሕፃኑን ድድ ሰንጥቆ ገና ያልበቀለውን ጥርስ መንቀል፥ እንጥሉንም መቁረጥ የቆየ ልማድ ነው። ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ልጁን ስለሚወዱት ነው። ሆኖም ባልተቀቀለ ስለት የሚደረግ ቁስል ደም ያፈሳል፤ መንጋጋ ቆልፍንና ሌሎች በሽታዎችን ያስገባል፤ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስም ያበላሻል። ለሚያሳክክ ድድ የሚበቃው በንጹሕ ጣት ማሸት ወይም በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ እንዲያኝክ መስጠት ነው።

ለሃጩን ሳይሆን ልጁን እንመልከት

ታዲያ ለሃጭ የችግር ምልክት የሚሆነው መቼ ነው? ብቻውን ሲሆን ብዙም አይናገርም፤ ከሌሎች ምልክቶች ጋር ሲመጣ ግን ልብ ልንለው ይገባል።

በወሊድ ጊዜ አየር ያጠረው፥ ያለ ጊዜው የተወለደ፥ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቆዳውና ዐይኑ እጅግ ቢጫ የሆነ፥ ወይም ማጅራት ገትር የታመመ ሕፃን አንጎሉ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ የሚሉት የእንቅስቃሴ ችግር ከዚህ ሊመጣ ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ ለሃጩ የሚዝረበረበው ምራቁ ከሌሎች በዝቶ ሳይሆን የአፉና የጉሮሮው ጡንቻዎች አልታዘዝ ስለሚሉት ነው። ዳውን ሲንድሮም ያለበት ሕፃንም ጡንቻው ላላ ስለሚል አፉ ይከፈታል፤ ምላሱም ወጣ ይላል። ስለዚህ ከለሃጩ ይልቅ አጠባቡን፥ አንገቱን፥ እጁንና ዐይኑን መመልከት ይበልጣል።

ሕፃናት በአንድ ቀን አይራመዱም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው ጥናት በጋና፥ በሕንድ፥ በኖርዌይ፥ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ጤናማ ሕፃናትን ተከታትሎ ነበር። ያለ ድጋፍ መቀመጥ ከ4 ወር ገደማ ጀምሮ እስከ 9 ወር፥ ብቻውን መራመድም ከ8 ወር ገደማ ጀምሮ እስከ 17 ወር ተኩል ድረስ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። ጥቂቶቹ ሕፃናት ከነጭራሹ በእጅና በጉልበት ዳዴ ሳይሉ ተራምደዋል። ስለዚህ የጎረቤት ልጅ «ወፌ ቆመች» ስለተባለለት ብቻ የራስን ልጅ ማወዳደርና መጨነቅ አያስፈልግም።

ነገር ግን ከሚከተሉት አንዱ እንኳ ከታየ ሳይዘገዩ ለጤና ሠራተኛ መንገር ይገባል።

በ3 ወሩ፦ ፊት ለፊት ሲያዋሩት ፈገግ የማይል፤ የእናቱን ፊት በዐይኑ የማይከተል፤ በከፍተኛ ድምፅ የማይደነግጥ።

በ4 ወሩ፦ አንገቱ ያልጸና፤ እጁን ሁልጊዜ ጨብጦ የሚይዝ፤ ሰውነቱ እንደ እንጨት የሚደርቅ ወይም እንደ ጨርቅ የሚልፈሰፈስ፤ ዳይፐር ሲቀየርለት እግሮቹ እንደ መቀስ የሚጠላለፉ።

በ9 ወሩ፦ ያለ ድጋፍ የማይቀመጥ፤ «ባባባ፥ ማማማ» የመሰለ ድምፅ የማያሰማ። ጆሮው የማይሰማ ሕፃንም በመጀመሪያዎቹ ወራት ድምፅ ያሰማልና መጀመሪያ አሰምቶ ኋላ ዝም ማለቱ ያሳስበን።

በ12 ወሩ፦ ስሙ ሲጠራ ዘወር የማይል፤ አንዱን እጁን ብቻ የሚጠቀምና ሌላውን የሚተው።

በ18 ወሩ፦ የማይራመድ፤ የሚፈልገውን በጣቱ የማያመለክት።

በማንኛውም ዕድሜ፦ ሲጠባ ወይም ሲበላ ዘወትር የሚያንቀው፤ የሚያንቀጠቅጠው፤ ወይም አስቀድሞ የሚችለውን ነገር የረሳ።

እነዚህ ምልክቶች ፍርድ አይደሉም። ልጁ ይመርመር የሚሉ ጥሪዎች ናቸው።

በአስቸኳይ ወደ ሐኪም ቤት

ሁለት ዐይነት ለሃጭ ግን ለነገ አይባልም። አዲስ የተወለደ ሕፃን አረፋ ያለው ምራቅ ከአፉ እየበዛ፥ ገና ሲጠባ የሚያንቀውና ፊቱ የሚጠቁር ከሆነ የምግብ ቧንቧው ተዘግቶ ተወልዶ ይሆናል። ማጥባቱን አቁሞ በቶሎ ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥበት ሆስፒታል መውሰድ ያሻል። ሁለተኛው፥ ደህና የነበረ ልጅ በድንገት ለሃጩ ሲወርድ፥ መዋጥ ሲያቅተው፥ ትኩሳት ሲኖረውና ትንፋሹ ሲያጥር ነው፤ ጉሮሮው አብጦ ወይም ባዕድ ነገር ተሰንቅሮበት ሊሆን ይችላል።

መደበቅ ልጁን ይጎዳል

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ አባቶቻችን። ዛሬም በብዙ ቤት የዘገየ ልጅ ሲወለድ ቡዳ በላው፥ ልክፍት ነው፥ የወላጆቹ ኃጢአት ነው ይባላል። እናቲቱ አፍራ ልጁን ከጓዳ አታወጣውም። እኛ አማኞችም ከዚህ ሐሳብ ሁልጊዜ ነጻ አልሆንም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ ስለተወለደው ሰው ይህንኑ ጥያቄ አቅርበው ነበር። ጌታ ኃጢአቱን በሰውየውም በወላጆቹም ላይ አላደረገም። ከዚያም ፊቱን ወደ ሰውየው መልሶ ረዳው። የቤተ ክርስቲያን መንገድም ይኸው ሊሆን ይገባል፤ በደለኛ ፍለጋውን ትታ ልጁን ትርዳ።

ቶሎ መድረስ የሚጠቅመው የሕፃን አንጎል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከማንኛውም ጊዜ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያድግና ስለሚማር ነው። የታይሮይድ ዕጢው ሳይሠራ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መድኃኒት ቢጀምር አእምሮው ይድናል፤ ቢዘገይ ግን የጠፋው አይመለስም። ሴሬብራል ፓልሲ ፈጽሞ የሚድን ባይሆንም በአካል ማሠልጠኛ ሕክምና ልጁ መቀመጥን፥ መብላትንና መግባባትን ሊማር ይችላል። ስለ ኦቲዝም በአገራችን ብዙም በማይታወቅበት ጊዜ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን አቋቋሙ። ራሳቸው የእንዲህ ያለ ልጅ እናት ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስካረፉ ድረስም ልጆቹ እንዳይደበቁ ደከሙ።

በቤት ምን እናድርግ?

ለሃጩን በለስላሳ ጨርቅ ጫን ጫን እያሉ ማድረቅ እንጂ መፈግፈግ አይገባም፤ ቆዳው ይቆስላልና። የራሰውን ልብስ ቶሎ መቀየር፥ አገጩንም ጥቂት ቫዝሊን መቀባት ይበጃል። ጡት ማጥባት አይቋረጥ። ሕፃኑ ነቅቶ ሳለ፥ ሰው እያየው፥ በሆዱ አስተኝቶ ማጫወት አንገቱን ያጸናዋል። መዋጥ የሚቸግረውን ልጅ ቀና አድርጎ፥ አገጩን ጥቂት ዝቅ አድርጎ፥ በትንንሹ መመገብ ያሻል። በጀርባው አስተኝቶ ማጋት ግን ምግቡን ወደ ሳንባው ያስገባል፤ ከዚህም የሳንባ ምች ይመጣል። ከሁሉ በላይ እናትም አባትም ያዋሩት፤ መልስ ባይሰጥም ያዋሩት።

ከእናንተ የምንለምነው

በመጀመሪያ፥ የክትባት ቀኖችን አስታውሱ። በ6ኛው፥ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት እንዲሁም በ9ኛው ወር እናት ልጇን ይዛ ስትመጣ፥ የሚያሳስባትን ሁሉ ለጤና ሠራተኛው እንድትነግር አበረታቱአት። ሁለተኛ፥ በአጥቢያችሁ ልጇን ደብቃ የያዘች እናት ካለች ሂዱና ጠይቋት። ምክር ከመስጠታችሁ በፊት ልጁን ታቀፉት፤ ለሃጩ ልብሳችሁን ቢያረጥብ አትሽሹ። ወደ ሐኪም ቤት ስትሄድ አብራችኋት ሂዱ፤ የመጓጓዣውን ገንዘብም አስቡላት። ሦስተኛ፥ ሳታቋርጡ ጸልዩ፤ ስለ ልጆቹ፥ ሌሊት ስለማይተኙት እናቶች፥ በየገጠሩ ስለሚያገለግሉት የጤና ሠራተኞች።