ከዶራ የሚታየው በረዶ፦ የሊባኖስ ተራሮችና ናዳቸው

እ.ኤ.አ. በ2026 በተካሄደው የሚላኖ ኮርቲና የክረምት ኦሎምፒክ ስኪ ተጫምቶ ዳገት የመውጣት ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተካቷል። ይህ ስፖርት ሽቅብ የሚያወጣ ማሽን አይሻም። በስኪው ሥር ወደ ኋላ የማያንሸራትት ጨርቅ ይለጠፋል፤ ተራራው በጉልበት ይወጣል፤ አናቱ ላይ ጨርቁ ተነስቶ ቁልቁል ይወረዳል። ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የቤይሩትን ያህል ቅርብ የሆኑ ዋና ከተሞች ጥቂት ናቸው። ወገኖቻችን እሑድ እሑድ ከሚሰባሰቡበት ከዶራ ሰፈር፣ ሰማዩ ሲጠራ 2,628 ሜትር ከፍታ ያለው የሳኒን ተራራ ነጭ ለብሶ ይታያል። ትልቁ የስኪ ማዕከል ምዛር ከከተማዋ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው። እኔን የሚያሰጋኝ ይኸው ቅርበት ነው። ባሕር ዳር ቁርሱን የበላ ሰው ቀትር ሳይደርስ ናዳ በሚወርድበት ተዳፋት ላይ ሊቆም ይችላል።

ታሪኩ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት የአውስትራሊያና የእንግሊዝ ጦር በአርዝ፣ ማለትም በዝግባዎቹ አካባቢ፣ የስኪ ትምህርት ቤት ከፍተው ወታደሮችን አሠልጥነዋል። ሊባኖስ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ በክረምት ኦሎምፒክ ተሳትፋለች። ስለ ማዕከላቱና ስለ ሆቴሎቻቸው ብዙ ስለተጻፈ እዚህ አልደግመውም።

ዋናው ጉዳይ ከተጠረገው መስመር ውጪ ያለው በረዶ ነው። በረዶ በየማዕበሉ እየተደራረበ ይቀመጣል። በመካከል አንድ ልል ንብርብር ካለ የላይኛው ክምር እንደ ሰሌዳ ተሰንጥቆ ይወርዳል፤ ለዚህም የአንድ ሰው ክብደት ይበቃዋል። ናዳ ከያዛቸው ተጓዦች አብዛኞቹ ናዳውን ያስነሱት ራሳቸው ወይም ጓደኞቻቸው ናቸው። አደገኛው ተዳፋት ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ያዘነበለው ነው፤ ለስኪ የሚመረጠውም እሱው መሆኑ ይከፋል። በሊባኖስ ከባሕር የሚነሳው የምዕራብ ነፋስ በረዶውን ከአናቱ ጠርጎ የበቃ ሸለቆን በሚያየው ምሥራቃዊ ገጽ ላይ ይከምረዋል። ከበረሃ የሚመጣው አቧራም ያጠቁረውና ፀሐይ ቶሎ ታቀልጠዋለች። ተራሮቹ የኖራ ድንጋይ በመሆናቸው ላያቸው በስርጉድ ጉድጓዶች የተሞላ ነው፤ ትንሽ ናዳ እንኳ እንዲህ ያለ ጉድጓድ ውስጥ ከገባ ሰውን በጥልቀት ይቀብራል።

ከተቀበረ በኋላስ? ጎብኚዎች በብዛት የሚጠይቁት ስለ ሄሊኮፕተር ነው፤ መልሱ ግን ያለው ሰዓቱ ላይ ነው። በስዊዘርላንድ መረጃ መሠረት በ10 ደቂቃ ውስጥ ከተገኙት ከአሥሩ ዘጠኙ ይተርፋሉ፤ ከዚያ እስከ ግማሽ ሰዓት ባለው ጊዜ ግን የሚተርፈው ከሦስት አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ገዳዩ መታፈን ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከቤይሩት የሚደርስ ማንም የለም፤ አዳኙ አብሮ የወጣው ጓደኛ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ተጓዥ በ457 ኪሎ ኸርዝ ምልክት የሚልክና የሚቀበል መሣሪያ፣ መመርመሪያ ዘንግና አካፋ ይይዛል፤ አጠቃቀማቸውንም አስቀድሞ ይለማመዳል። አንዱ ከጎደለ ሌሎቹ ብዙም አይረዱም። አየር የሚሞላ ቦርሳ የሚያወድሱ አሉ። ወደ ላይ ተንሳፍፎ ለመውጣት በእርግጥ ይረዳል፤ ከገደል ወይም ከዓለት ጋር ከመላተም ግን አያድንም። ስለዚህ እኔ ከአካፋው አላስቀድመውም።

አዳኝም ይቀበራል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በቱርክ ባህቼሳራይ አንድ ናዳ ሰዎችን ገደለ፤ በማግስቱ ቀባሪውን በረዶ ሲቆፍሩ በነበሩት ላይ ሁለተኛ ናዳ ወረደ፤ የሟቾቹ ቁጥር በጠቅላላው ከ40 በላይ ሆነ። እኛም ይህን በጭቃ አይተነዋል፤ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ጎረቤቶቻቸውን ለማውጣት የሮጡ ሰዎች በተከታዩ ናዳ ተወሰዱ፤ ከ200 በላይ ወገኖቻችን አለቁ። ከመቆፈር በፊት ከላይ የቀረውን ተዳፋት ማየትና አንድ ሰው ጠባቂ አድርጎ ማቆም የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ተራራውን ለጨዋታ የማይወጡም አሉ። እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ማስናዕ ከተባለው የድንበር ኬላ አጠገብ በሕገወጥ መንገድ ወደ ሊባኖስ ይሻገሩ የነበሩ ቢያንስ 15 ሶርያውያን በበረዶ ማዕበል ቀዝቅዘው ሞቱ። የገደላቸው ናዳ ሳይሆን ብርዱ ነው፤ አሻጋሪዎቻቸው ግን ጥለዋቸው ሄደው ነበር።

ለስኪ ተጓዥ ሕጎቹ ጥቂት ናቸው። ከትልቅ ማዕበል በኋላ አንድ ሁለት ቀን መታገሥ፤ አጠራጣሪውን ተዳፋት አንድ በአንድ መሻገርና የቀሩት ከአስተማማኝ ቦታ ሆነው እንዲያዩ ማድረግ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ ሌሊት የጠጠረው በረዶ ፀሐይ ሳያርሰው በጠዋት ወጥቶ ከቀትር በፊት መውረድ ነው።