ስለ ኤሌክትሪክ መቋረጥና ስለ ተጠባባቂ ጄኔሬተር አያያዝ

በማሽላና በሰሊጥ እርሻው የታወቀው የምሥራቅ ሱዳን የገዳሪፍ አገር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከሱዳን ግድቦች ብቻ አይደለም፤ በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው 230 ሺህ ቮልት መስመርም ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በመተማ በኩል ወደዚያው ይዘልቃል። ይሁን እንጂ የምንጩ መብዛት ብቻውን ዋስትና አይሆንም። ኃይሉ የሚከፋፈለው በጥቂት ጣቢያዎች በመሆኑ፥ አንዱ ሲጎዳ ሰፊ አገር ይጨልማል። በጥር 2017 ዓ.ም. የሹዋክ ጣቢያ በድሮን በተመታ ጊዜ ገዳሪፍ፥ ከሰላና ሰናር መብራት አጥተዋል።

ስለዚህ ተጠባባቂ ጄኔሬተር ያስፈልጋል። ነገር ግን ሞተሩ ከመገዛቱ በፊት፥ መብራት ሲጠፋ ኃይሉ በቅድሚያ ለምን እንደሚውል መወሰን ይገባል። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ፥ በኋላም በ2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከኢትዮጵያ የተሰደደውን ሕዝብ እንደ ተቀበለው እንደ ኡም ራኩባ ባለ ቆላ ስፍራ፥ ከሁሉ የሚቀድመው የመጠጥ ውኃ ነው። ሁለተኛው የክትባት ማቀዝቀዣ ነው። የበግና የፍየል ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል፤ መበላሸቱም በዓይን ስለማይለይ፥ ገበሬው መንጋዬ ተከተበ ብሎ ሲያምን በሽታ ይደርስበታል። ወፍጮ ከዚያ ቀጥሎ ይታሰባል፤ የቢሮ መብራት ግን የመጨረሻው ነው።

የጄኔሬተሩም መጠን በዚሁ ውሳኔ ይለካል። የውኃ መሳቢያ ሞተር በቀጥታ ሲነሣ፥ በሥራ ላይ ሳለ ከሚወስደው ከ5 እስከ 7 እጥፍ የሚደርስ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ይህን ሳያሰሉ የተገዛ ጄኔሬተር ፓምፑን ሊያስነሣ አይችልም።

ጄኔሬተሩን ከመንግሥት መስመር የሚለይ ማዛወሪያ ማብሪያ መኖር ግዴታ ነው። ያለዚህ ኃይሉ ወደ ትራንስፎርመሩ ይመለስና ከፍ ብሎ በመስመሩ ላይ ይወጣል፤ መስመሩ ሞቷል ብሎ የሚጠግነውንም ሠራተኛ ይገድላል። እንዲሁም ጭሱ ሽታ የሌለው መርዝ ስላለበት፥ ሞተሩን በመኖሪያ ቤት ውስጥ ማሠራት ፈጽሞ አይገባም።

በመጨረሻም፥ ሳይሠራ የሚቀመጥ ሞተር በተፈለገበት ቀን አይነሣም። በየወሩ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ሥራ ጭኖ ማስነሣት፥ የአየር ማጣሪያውን ከአቧራ ማጽዳት፥ ናፍጣውንም ውኃ እንዳይገባበት መጠበቅ ያሻል። ይህንም የሚፈጽም አንድ ኃላፊ በስም ተለይቶ ይመደብ፤ የሁሉም የሆነ ሞተር ጠባቂ የለውምና።