አምባዛ፦ የሌሊቱ ዓሣ



አንዲት የልደታ እህታችን «ባለቤቴ ከዝዋይ ሐይቅ አምባዛ ይዞ መጣ። ቅርፊት የለውም፣ ጢምም አለው። ለልጆቼ ልስጣቸው ወይ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ከብይኑ በፊት የፍጡሩን ኑሮ እንመልከት።

አምባዛ በጣና፣ በዝዋይ፣ በሐዋሳና በሌሎችም ሐይቆቻችን ይኖራል። ቀን ቀን አብዛኛውን ጊዜ ተሸሽጎ ይውላል፤ ሲመሽ ምግቡን ፍለጋ ይወጣል። በጨለማና በደፈረሰ ውኃ ውስጥ ዓይን ብዙ ስለማይረዳ አላህ (ሱ.ወ) በአፉ ዙሪያ ስምንት ጢሞች ሰጥቶታል። በእነርሱ እየዳሰሰ ትናንሽ ዓሦችን፣ ቀንድ አውጣዎችንና ነፍሳትን ያገኛል። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት አካል ስላለው ውኃ ሲጎድል በጭቃ ውስጥ ይቆያል፤ በእርጥብ ሌሊትም እየተሳበ ወደ ሌላ ውኃ ይሻገራል። በክረምት ጎርፍ የሐይቁን ዳር ሲያጥለቀልቅ በሌሊት መጥቶ እንቁላሉን በሣሩ ላይ ይጥላል።

ሱብሃነላህ! እኛ የተጸየፍነው ጢም ለእርሱ የሌሊት መብራቱ ነው።

ወደ ጥያቄው ስንመለስ፣ በአራቱም መዝሀቦች ቅርፊት ለዓሣ ሐላልነት መስፈርት አይደለም፤ ዓሣ መታረድም አያስፈልገውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነፍሳቸው ያልወደደችውን የበረሃ እንሽላሊት ሳይበሉ ትተዋል፤ ባልደረቦቻቸው ሲበሉ ግን አልከለከሉም። እኛም ያልወደድነውን እንተወው፣ ሐራም ግን አንበለው። አላህ የፈቀደውን በመልኩ ብቻ መከልከል ቀላል ነገር አይደለምና።

እህታችን፣ በሚገባ አጥበውና አብስለው ለልጆችዎ ያቅርቡ፤ ቢስሚላህ ብለው ይብሉ።

ወላሁ አዕለም።