የጎመን ምሬትና ሽታ

የጎመን ምሬትና ሽታ የሚባለው በጎመን ወገን አትክልቶች ውስጥ ካሉ ድኝ (ሰልፈር) አዘል ውህዶች የሚመጣ ጣዕምና ጠረን ነው። በዚህ ምክንያት ጥቅል ጎመን፣ ብሮኮሊና የመሳሰሉት በብዙ አገሮች በተለይ ልጆች ከሚጠሏቸው ምግቦች መካከል ይቆጠራሉ። ይሁን እንጂ ጥላቻው ከአትክልቱ ይልቅ ከአበሳሰሉ የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ያው ጎመን በሌላ ዘዴ ሲሠራ የሚወደድ ምግብ ሊሆን ይችላል።

የአትክልቱ ወገን

ጥቅል ጎመን፣ አበባ ጎመን፣ ብሮኮሊ፣ ኬል እና የብራስልስ ጎመን መልካቸው ቢለያይም ሁሉም የአንድ ዝርያ (ብራሲካ ኦሌራሲያ) ዓይነቶች ናቸው። ገበሬዎች ለብዙ ዘመን አንዱን ለቅጠሉ፣ ሌላውን ለአበባው፣ ሌላውን ለእንቡጡ እየመረጡ በማራባት ለያይተዋቸዋል። በኢትዮጵያ የሚበላው የሐበሻ ጎመን (ብራሲካ ካሪናታ) የቅርብ ዘመዳቸው ነው። ይህ ተክል ብራሲካ ኦሌራሲያ ከጥቁር ሰናፍጭ ጋር ተዳቅሎ የተገኘ መሆኑን ናጋሃሩ ዩ የተባለ የእጽዋት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1935 አሳይቷል። ቅጠሉ ለወጥ ይሆናል፤ ጎመን ዘር የሚባለው ፍሬው ደግሞ ምጣድ ለማሰስ ያገለግላል።

የምሬቱ መነሻ

የእነዚህ ተክሎች ሕዋሳት ግሉኮሲኖሌት የሚባሉ ውህዶችን ይይዛሉ። እነሱን የሚሰብረው ማይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም በተክሉ ውስጥ ለብቻው ተለይቶ ይቀመጣል። ቅጠሉን ነፍሳት ሲበሉት፣ ቢላ ሲቆርጠው ወይም ጥርስ ሲያኝከው ሁለቱ ይገናኙና የሚያቃጥልና የሚመር ነገር ይፈጠራል። ሰናፍጭን የሚያቃጥለውም ይኸው ሂደት ነው። ለተክሉ ይህ ከነፍሳት የሚጠብቀው መሣሪያ ነው።

ሽታው ግን በአብዛኛው የሚጎላው በእሳት ላይ ነው። ጎመን ረዥም ሰዓት ሲቀቀል በውስጡ ያሉት ድኝ አዘል ውህዶች ይፈርሳሉ። ከሚወጡት ጋዞች አንዱ የተበላሸ እንቁላል የሚሸትበት ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ነው።

የሰዎች ልዩነት

አንድ ዓይነት ጎመን ለሁሉም ሰው እኩል አይመርም። እ.ኤ.አ. በ1931 አርተር ፎክስ የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ፒ.ቲ.ሲ. የሚባል ዱቄት ሲሠራ ብናኙ በክፍሉ ውስጥ ተነሣ። አብሮት የነበረው ባልደረባው በጣም እንደመረረው ሲናገር ፎክስ ግን ምንም አልቀመሰውም። ልዩነቱ በዘር የሚወረስ ሆኖ ተገኘ። ለዚህ ዋና ምክንያት የሆነው ታስ2አር38 የተባለ ጂን እ.ኤ.አ. በ2003 ታወቀ። ከእናትና ከአባቱ ቀማሽ የሆነውን የጂን ዓይነት የወረሰ ሰው የአንዳንድ ግሉኮሲኖሌቶች ምሬት ከሌላው ይበልጥ ይሰማዋል።

ልጆች ደግሞ በአጠቃላይ ለምሬት ከአዋቂዎች የበለጠ ስሜት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት አበባ ጎመንን ከልጆችና ከወላጆቻቸው ምራቅ ጋር አገናኝቶ የሚወጣውን ጠረን ለክቷል። በአፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ድኝ አዘል ጠረኑን እንደሚያበዙትና መጠኑም ከሰው ሰው እንደሚለያይ ታይቷል። ምራቃቸው ብዙ ጠረን የሚያወጣ ልጆች አትክልቱን የበለጠ ጠልተውታል። በወላጆች ላይ ግን ይህ ግንኙነት አልታየም። አዋቂዎች ጣዕሙን በጊዜ ብዛት ሳይለምዱት አይቀሩም። ስለዚህ «ይሸተኛል» የሚል ልጅ ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው።

የአበሳሰል ዘዴዎችና ውጤታቸው

መቀቀል፦ ግሉኮሲኖሌት በውኃ ስለሚሟሟ የተቀቀለበት ውኃ ሲደፋ ምሬቱም ይቀንሳል። ነገር ግን ቫይታሚን ሲ እና ፎሌት አብረው ይሄዳሉ። ከመጠን በላይ ከቆየ ደግሞ ሽታው ይብሳል። የአዲስ አበባ ከፍታ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው፤ በዚህም የተነሣ መቀቀል በቆላ ከሚወስደው ጊዜ በላይ ይወስዳል።

በእንፋሎት ማብሰል፦ አትክልቱ ውኃ ውስጥ ስለማይገባ ንጥረ ነገሩ የበለጠ ይተርፋል። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ከሆነ ቀለሙም አረንጓዴ እንደሆነ ይቆያል።

በደረቅ ግለት መጥበስ፦ ውኃ ውስጥ ያለ ምግብ ከመፍያው ነጥብ በላይ አይግልም። በምድጃ ወይም በመጥበሻ ላይ ግን የአትክልቱ ገጽ ይደርቅና ከ140 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ስኳሮችና አሚኖ አሲዶች ተዋህደው ቡናማ ቀለምና የተቆላ ነገር ሽታ ይሰጣሉ። ይህ ለውጥ እ.ኤ.አ. በ1912 በገለጸው ፈረንሳዊ ሉዊ ካሚዬ ማያር ስም ይጠራል። የብራስልስ ጎመንን ተቀቅሎ የጠሉ ሰዎች ተጠብሶ ሲቀርብላቸው የሚወዱት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጨው፦ ጨው የራሱን ጣዕም ከመጨመሩ በላይ ምሬትን ያፍናል። ይህን እ.ኤ.አ. በ1997 ብሬስሊንና ቦሻምፕ «ኔቸር» በተባለው መጽሔት ላይ አሳይተዋል። ምሬቱ ሲታፈን የተደበቀው ጣፋጭነት ይወጣል።

ቅባት፦ ዘይትና ቅቤ ጣዕሙን ያለሰልሳሉ። በቅጠሉ ውስጥ ያለውና ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠው ቤታ ካሮቲንም በደንብ የሚመጠው ከቅባት ጋር ሲበላ ነው።

ማብላላት፦ የጀርመን ሳወርክራውትና የኮሪያ ኪምቺ በዚህ መንገድ ይዘጋጃሉ። ባክቴሪያዎች የሚፈጥሩት ጎምዛዛነት የጎመኑን ጣዕም ይለውጠዋል።

በኢትዮጵያ ወጥ ቤት

የተለመደው የጎመን ወጥ አሠራር ከእነዚህ ዘዴዎች ብዙዎቹን ያጣምራል። ጎመኑ ይቀቀላል፣ ውኃው ይጨመቃል፣ ይከተፋል። ከዚያም በዘይት ከበሰለ ሽንኩርት ጋር ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ጨውና ቃሪያ ተጨምሮበት ይሠራል። በጉራጌ ጎመን ክትፎ ደግሞ ጎመኑ በጣም ደቅቆ ይከተፍና በቅመም በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። በመስቀል በዓል ከክትፎና ከአይብ ጋር ይቀርባል።

ጥላቻው ሁልጊዜ ከምላስ ብቻ የሚመጣ አይደለም። «ጎመን በጤና» የሚለው አባባል ጤናና ሰላም ከድሎት እንደሚበልጥ ቢናገርም ጎመንን የድሃ ምግብ አድርጎ የሚያይ አስተሳሰብም በውስጡ አለ።

ልማድና ማስገደድ

የልጆች አመጋገብ ጥናቶች እንደሚያሳዩት አንድ ልጅ አዲስ ምግብን ለመቀበል 10 ጊዜና ከዚያ በላይ መቅመስ ሊያስፈልገው ይችላል። ማስገደድ ግን ጥላቻውን ሊያጸናው ይችላል። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ኤች ደብልዩ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ1990 ብሮኮሊን ከልጅነታቸው ጀምሮ እንደማይወዱትና እናታቸው ይበሉት ዘንድ ያስገድዷቸው እንደነበር ተናግረው፣ ፕሬዚዳንት ስለሆኑ ከእንግዲህ እንደማይበሉት አስታውቀዋል። የብሮኮሊ ገበሬዎችም በምላሹ ብሮኮሊ በመኪና ጭነው ወደ ዋሽንግተን ልከዋል።

ጤና

አረንጓዴ ቅጠል ጎመን የቤታ ካሮቲን ምንጭ ነው። የቫይታሚን ኤ እጥረት በልጆች ላይ ዳፍንትን፣ ሲከፋም ዓይነ ስውርነትን ያስከትላል። በዚህ ምክንያት ልጆች ጎመንን የሚወዱበትን አሠራር ማግኘት ከጣዕም ያለፈ ጥቅም አለው።

በሌላ በኩል ከግሉኮሲኖሌት የሚገኙ አንዳንድ ነገሮች የእንቅርት ዕጢን ሥራ ሊያውኩ ይችላሉ። ይህ የሚያሰጋው የአዮዲን እጥረት ያለበት ሰው ጥሬ ጎመን በብዛት ሲበላ ነው። ማብሰል ማይሮሲኔዝን ስለሚያከሽፈው ችግሩን ይቀንሳል፤ አዮዲን ያለው ጨው መጠቀምም ይረዳል።