እጅ የማይነካካው ማህደር

ባለፈው ወር አንድ ስልሳዎቹን ያጋመሱ ሰው የሽጉጥ ማህደር ወደምሰፋበት መሥሪያ ቤቴ መጡ። እዚህ ጋርላንድ፣ ከዳላስ ከተማ አጠገብ፣ አነስተኛ ሸቀጣ ሸቀጥ ቤት አላቸው፤ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ቆመው የሚሠሩ ናቸው። ሰላምታ ተለዋወጥን፣ የቤተሰብ ደኅንነት ተጠያየቅን። ገና የመጡበትን ጉዳይ ሳይነግሩኝ ቀኝ እጃቸው አራት ጊዜ ወደ ወገባቸው ሄዶ ተመለሰ። አንዴ ሸሚዛቸውን ወደ ታች ሳብ አደረጉ፣ አንዴ በክርናቸው ገፋ አደረጉት፣ ሁለቴ ደግሞ መኖሩን ለማረጋገጥ ያህል ዳሰሱት። ሽጉጡን አላየሁትም። የት እንደተቀመጠና ማህደሩ ልካቸው እንዳልሆነ ግን እጃቸው ነገረኝ።

«ጋሼ፣ ይህን ማህደር ከያዙ ስንት ጊዜ ሆነዎት?» አልኳቸው።

«ሁለት ወር። ግን ምን ይሠራል? ጎኔን ሲወጋኝ ጠዋት እታጠቀውና ሱቁን ስከፍት እፈታዋለሁ። ከመደርደሪያው ሥር ነው የሚውለው።»

ይህን ማስታወሻ እንድጽፍ ያደረገኝ «ከመደርደሪያው ሥር» የሚለው ቃል ነው። ሰው ስለ ማህደር ሲጠይቀኝ ምቾትን እንደ ቅንጦት እያፈረ ነው የሚያነሳው፤ «ዋናው አለመታየቱ ነው፣ ትንሽ ቢቆረቁረኝም እችለዋለሁ» ይለኛል። አይችለውም። የሚቆረቁር ማህደር በሦስተኛው ቀን ይፈታል። ሽጉጡም ከመደርደሪያ ሥር፣ ከመኪና ኪስ፣ ከሶፋ ትራስ ጀርባ ይገባል። እዚያ የተቀመጠ ሽጉጥ ደግሞ መጀመሪያ ላገኘው ሰው ነው፤ ሌባም ይሁን ከትምህርት ቤት መልስ እናቱን ሊጠይቅ የመጣ ልጅ። የቴክሳስ ሕግ ከ17 ዓመት በታች ያለ ልጅ በቸልታ የተተወ የጎረሰ ሽጉጥ እጁ ካስገባ የተወው ሰው በወንጀል እንዲጠየቅ ደንግጓል። እኔ ግን ሕጉ ባይኖርም ይህን ከማለት አልቦዝንም። ወገብ ላይ ሊውል የማይችል ማህደር የሠራ ሰው ሥራውን አልጨረሰም።

ሽጉጣቸውን አየሁት። ከመጋረጃው ጀርባ አፈሙዙን ወደ አሸዋው ባልዲ አዙረው ከበሮውን ከፈቱ፣ አምስቱን ጥይት አውጥተው በማዶ ባለው የሸክላ ሳህን ላይ አኖሩልኝ፤ እኔም በጣቴ ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ ዳሰስኩ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን እ.ኤ.አ. በ1950 ያወጣው፣ በኋላ ሞዴል 36 የተባለው አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር ነው። ባዶውን ከግማሽ ኪሎ ትንሽ ይበልጣል፣ ከበሮው ሦስት ሳንቲ ሜትር ከምናምን ይወፍራል። የሪቮልቨር ጣጣው ሁሉ ያለው እዚያ ከበሮው ላይ ነው። ሌሎቹ ሽጉጦች እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ስለሆኑ ወገብ ላይ ይለጠፋሉ፤ ይህ ግን መሐሉ ያበጠ ነው፣ ሆዱን ይዞ ነው የሚመጣው።

ማህደሩን ከማየቴ በፊት ግን ያየሁት ቀበቶውን ነው። ሰው ሁሉ ለማህደሩ ገንዘብ ያወጣና ለቤተ ክርስቲያን ሱፍ በገዛው ቀጭን ቀበቶ ላይ ያንጠለጥለዋል። የጋሼም እንደዚያው ነበር። በጎኑ ይዤ አንድ ክንድ ያህል ወደ ፊት ብዘረጋው እንደ ሻሽ ጠብ አለ። እንዲህ ያለ ቀበቶ ክብደቱን ተሸክሞ ቀጥ ብሎ መቆም ስለማይችል እላዩ ላይ ይጠመዘዛል፣ እጀታው ወደ ውጭ ይዘምማል፣ ሸሚዙም ከኋላ ጉብ ይላል። ባለቤቱ ቀበቶውን ያጠብቀዋል፤ ያኔ ደግሞ ወገቡን ያመዋል። የምሰጠው ቀበቶ ሁለት ድርብ ቆዳ ተጣብቆ የተሰፋ፣ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ ከ5 ሚሊ ሜትር የማያንስ ነው። የማህደሩ ቀዳዳም ቀበቶውን ጥብቅ አድርጎ መያዝ አለበት። ሰፊ ቀዳዳ ውስጥ የገባ ቀበቶ ማህደሩን ቀኑን ሙሉ ወዲያና ወዲህ ያንሸራትተዋል፣ እጅም ሊያስተካክለው ይከተለዋል።

ከዚያ በኋላ የቅርጹ ጉዳይ ይመጣል። ለሪቮልቨር የማምንበት ሁለት ቆዳ ፊትና ኋላ ሆኖ ሽጉጡን በመሐል አቅፎ የሚሰፋውን፣ አሜሪካኖች ፓንኬክ የሚሉትን ነው። የቀበቶው ቀዳዳዎች ከሽጉጡ ፊትና ኋላ ተራርቀው ስለሚቀመጡ፣ ቀበቶው ሲጠብቅ ሁለቱን ክንፎች ወደ ሰውነት ይስባቸዋል፤ እጀታውም ከጎን ጋር ይጣበቃል። ከሸሚዝ ሥር የሚያጋልጠው እጀታው ነው። አፈሙዙ ከቀበቶ በታች ሱሪው ጎን ተኝቶ ማን ያየዋል? በዚህ የተነሳ ሁልጊዜ የማስረዳው አንድ ነገር አለ። አጭር አፈሙዝ ሁልጊዜ ለመሰወር አይቀልም። 5 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ አፈሙዝ ያለው ሽጉጥ ክብደቱ ከቀበቶው በላይ ይቀርና የሚደገፍበት ያጣል፤ 7 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ያለው ግን ጭኑ ላይ ተደግፎ እጀታውን ወደ ውስጥ ይመልሰዋል። ለጋሼ ሽጉጥ አዲስ አፈሙዝ ልሠራለት አልችልም፤ የማህደሩን ቆዳ ግን ከአፈሙዙ ጫፍ በታች ሁለት ጣት ያህል አስረዝሜዋለሁ። ያች ሁለት ጣት ቆዳ ብቻዋን ብዙ ትሠራለች።

ቦታው ከዳሌ አጥንት ጀርባ ያለችው ጎድጎዳ ናት። እዚያ ሰውነት ራሱ ቦታ ለቋል። አጥንቱ ላይ ካረፈ ይፈጫል፤ በጣም ወደ ጀርባ ከሄደ ደግሞ ሲቀመጡ ወንበሩ ይገፋዋል፣ ሲያጎነብሱም ሸሚዙ ይወጠርበታል። ወደ ፊት 15 ዲግሪ ያህል ማዘንበሉ እጀታው ከኋላ ሹል ሆኖ እንዳይወጣ ይረዳል።

ቴክሳስ ውስጥ ይህን ሙያ የያዘ ሰው የኤል ፓሶውን ሕግ አስከባሪ የቶም ስሪፐርሰንስን ስም ሳይሰማ አይውልም። በ1920ዎቹ በስሙ የተጠራውን ማህደር ኤስ. ዲ. ማየርስ የተባለው የኤል ፓሶ ኮርቻ ሠሪ ሰፍቶ አስፋፋው። የድሮውን የፈረሰኛ ማህደር ትርፍ ቆዳ ሁሉ ገፍፎ ሽጉጡ ላይ ልክክ ያለ ነገር ብቻ ያስቀረ ሥራ ነው፤ ዛሬም ብንሆን ከዚያ ብዙ አልራቅንም። አንድ ነገር ግን አልቀበለውም። ምላጩ ከቆዳው ውጭ ተጋልጦ ይታያል። ለዚያ ዘመን ፍጥነት ነበር። ዛሬ ካርቶን ተሸክሞ፣ የልጅ ልጅ አቅፎ ለሚውል ሰው የተጋለጠ ምላጭ ያለው ማህደር አልሰፋም፤ በስንት ብር ቢባል አልሰፋም።

ስለ ቆዳው ስናወራ አገሬ ትዝ ትለኛለች። መርካቶ ጫማ መስፋት ስማር ቆዳ የሚያለፉ ሰዎች «ፋቂ» እየተባሉ ይናቁ ነበር። ዛሬ በዚህ እጅ የምጎርሰው ከእነሱ የተማርኩትን ነው፤ ወስፌ እንዴት እንደሚያዝ፣ ክር በሰም እንዴት እንደሚታሽ፣ አንድ ክር በሁለት መርፌ ከግራና ከቀኝ በአንድ ቀዳዳ እንዴት እንደሚያልፍ። እንዲህ የተሰፋ አንዱ ወገን ቢበጠስ ሌላው ይይዛል። የደጋችን በግ ቆዳ በዓለም ገበያ ለጓንት ተፈላጊ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ጠንካራ፣ ለስላሳ ሆኖ የማይተረተር። ለማህደር ግን አይሆንም። ማህደር የሚፈልገው በዛፍ ቅርፊት የተለፋ፣ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር የበሬ ቆዳ ነው። ይህ ለብ ባለ ውኃ ሲርስ እንደ ሊጥ ይታዘዛል፤ ሲደርቅ እንደ እንጨት ያንኑ ቅርጽ ይዞ ይቀራል። የሽጉጡን ፕላስቲክ አምሳያ ከውስጥ አስገብቼ፣ በለሰለሰ አጥንት የከበሮውን ዙሪያ፣ የምላጩን ቀለበት፣ የአፈሙዙን ጠርዝ እያሸሁ አወጣለሁ። ሽጉጡ ያለ ማሰሪያ እንዳይወድቅ የሚይዘው ይህ ቅርጽ ነው፤ ለዚህም ነው ለአምስት ጎራሽ የተሠራ ማህደር ስድስት ጎራሽ የማይገባበት። በክሮም የተለፋው ለስላሳ ቆዳ ቅርጽ አይይዝም፤ በውስጡ የሚቀረው ጨውም ብረቱን ያዝገዋል።

ከበሮው ወደ ሰውነት እንዳይገፋ ከፈለግሁ የኋላውን ቆዳ ጠፍጣፋ አድርጌ እብጠቱን ሁሉ ወደ ውጭ እሰጠዋለሁ። ያኔ ጎን ያርፋል፤ ሸሚዙ ግን ይነሳል። እብጠቱን ለሁለቱ ገጽ ካካፈልኩት ሸሚዙ ይተኛል፣ ጎን ይቆረቆራል። ምቾትና መሰወር ፊት ለፊት የሚጣሉት እዚህች ላይ ብቻ ነው። እኔ ሦስት እጁን ለውጭው፣ አንድ እጁን ለውስጡ እሰጣለሁ። ሸሚዙን ግማሽ ቁጥር ከፍ ያድርጉት እላለሁ፤ ጎን ግን አይሰፋም።

ከብዙ ዓመት በፊት አንድ ደንበኛ «አሳሳልኝ፣ ከልብሴ ሥር እንዳይታወቅ» ቢለኝ ቀጭን ቆዳ መረጥኩለት። የማህደሩን አፍም ሳልደርበው ተውኩት። አንድ በጋ ታጠቀው። በቴክሳስ ሐምሌ ላብ ቆዳው ረሰረሰ፣ አፉ ለሰለሰ። አንድ ቀን ሽጉጡን ሲመልስ አፉ ወደ ውስጥ ታጥፎ የቆዳው ጠርዝ ምላጩ ላይ አረፈ። አንድ ነገር እንደያዘው ተሰማውና እጁን አቆመ። አልተኮሰም። መጥቶ ማህደሩን ጠረጴዛዬ ላይ አኖረልኝና ምንም አልተናገረም። ንድፉን ያኔውኑ ቀደድኩት። ከዚያ ወዲህ አፉ ላይ ሁለተኛ ቆዳ ያልደረብኩበት ማህደር ከዚህ ቤት ወጥቶ አያውቅም፤ ሽጉጡ ሲወጣ አፉ ክፍት ሆኖ ካልቆየ አላስረክብም።

የሪቮልቨር አንዱ ጸጋ እዚህ ላይ ይታያል። ሽጉጡን ወደ ማህደሩ ሲመልሱ አውራ ጣትን መምቻው ላይ ማሳረፍ ይቻላል፤ አንድ ነገር ምላጩን ቢስበው መምቻው ሲነሳ ጣት ያውቀዋል፣ እጅም ይቆማል። መምቻው ከውስጥ የተሸፈነው ሞዴል 642ን የመሰለው ግን ይህ ምልክት የለውም። ስለዚህ ሸሚዝን ሙሉ በሙሉ ገልጦ፣ አይቶ፣ ቀስ ብሎ መመለስ ነው። ለመመለስ ማንም አያስቸኩልም።

ሴት ደንበኞቼን ለብዙ ጊዜ በወንድ ልክ ስሰፋላቸው ኖሬአለሁ፤ ይህ ይቆጨኛል። አንዲት ነዳጅ ማደያ ያላት እህት «እጀታው የጎድን አጥንቴ ውስጥ ነው የሚገባው» ስትለኝ ነው የነቃሁት። የሴት ዳሌ ወደ ውጭ ስለሚወጣ የማህደሩን ታች ይገፋዋል፣ እጀታውም ወደ ጎድን ይወድቃል፤ ከወገብ እስከ ብብት ያለውም ርቀት ያጥራል። ለእሷ ዝቅ ብሎ የሚውል፣ ሳያዘነብል ቀጥ ያለ፣ ከቀበቶው ጋር በሚገናኝበት በላይኛው በኩል ከጀርባው የቆዳ ትራስ ያለው ሰፋሁላት። ትንሽ ሰፋ ያለ ሸሚዝ ይጠይቃል። ሙሉ ቀን ግን ታጥቃው ትውላለች።

ዕቃ እያነሳ የሚጎነበስ ሰው በአውራ ጣት የሚከፈት ማሰሪያ ያስፈልገዋል። ቆዳውን ዘይት አይቀቡት፣ ይለሰልሳል፤ ላብ ሲነካው በጥላ ይደርቅ እንጂ የመኪና መስኮት ሥር አይሁን። ሌሊት ሽጉጡን ማህደሩ ውስጥ አያሳድሩት፣ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፤ ቦታው ቁልፍ ያለው ሳጥን ነው። ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2021 ወዲህ ቴክሳስ ውስጥ ሕግ ያልከለከለው ሰው ያለ ፈቃድ መታጠቅ ይችላል። «ያልከለከለው» የሚለውን ቃል ግን ለወገኖቼ ሁሌ አሰምርበታለሁ። በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ከጥቂት ሁኔታ በስተቀር በፌዴራል ሕግ ሽጉጥ መያዝ አይችልም፤ ለእሱ ማህደር አልሰፋም። ደጁ ላይ «51%» የሚል ቀይ ጽሑፍ ያለበት መጠጥ ቤትም በማንኛውም ማህደር አይገባም።

ጋሼ ቅዳሜ ተመልሰው መጡ። ጥይቶቹን ሳህኑ ላይ አኖርን፣ አዲሱን ቀበቶ አጠለቁ። ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸው፣ መሬት የወደቀ እርሳስ እንዲያነሱ ለመንኳቸው፣ ከዚያ መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ አሽከርካሪ የደኅንነት ቀበቶው መቆለፊያ በቀኝ ዳሌው በኩል ነው፤ ማህደሩ ጥቂት ወደ ፊት ቢቀር ኖሮ ቀበቶውን ሲያስሩ እጀታው በገታቸው ነበር። አሰሩ፣ ፈቱ፣ ደግመው አሰሩ። አልነካቸውም።

ከዚያ ቡና ቀረበ። ስለ ታናሽ ልጃቸው ምረቃ አወጉኝ፣ አዳራሹ ስንት እንደተጠየቀ፣ ከአዋሳ ማን እንደሚመጣ። ሁለተኛውን ስኒ ስሰጣቸው በቀኝ እጃቸው ተቀበሉኝ።