የጎንደር ሰማይ እንዴት ይዞራል

ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ጎንደር ሲገባ ጓዙ ውስጥ ቴሌስኮፕና የከዋክብትን ከፍታ የሚለካበት መሣሪያ ነበረው። እቴጌ ምንትዋብ ቁስቋም ማረፊያ ሰጡት። እሱም ፀሐይንና ከዋክብትን ደጋግሞ እየለካ ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ከ34 ደቂቃ ተኩል ላይ እንደምትገኝ መዘገበ። ዛሬ ሳተላይት የሚነግረን 12 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ያህል ነው። ልዩነቱ መሬት ላይ ሦስት ኪሎ ሜትር ቢሞላ ነው።

ኬክሮስ የሚባለው ይህ ቁጥር የሰሜን ጎንደርን የሌሊት ሰማይ በታይምላፕስ ለመቅረጽ ለሚነሣ ሰው ከካሜራው ዋጋ በላይ ይጠቅመዋል ባይ ነኝ። የሌሊት ፎቶግራፍ መመሪያዎች አብዛኞቹ የተጻፉት ከ40 እና ከ50 ዲግሪ በላይ ለሚኖሩ አውሮፓውያንና አሜሪካውያን ነው። እነሱን እንዳሉ የተከተለ ሰው ካሜራውን የሚደግነው ለእኛ ሰማይ በማይሆን አቅጣጫና በማይሆን ወር ነው።

መጀመሪያ ስሌቱን እንጨርሰው። ታይምላፕስ ማለት ካሜራው ከቆመበት ሳይነቃነቅ በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚያነሣቸውን ብዙ ፎቶዎች አከታትሎ እንደ ፊልም ማሳየት ነው። መሬት በዛቢያዋ ስትዞር ከዋክብት በሰዓት 15 ዲግሪ የሚጓዙ ይመስላሉ። ስለዚህ ሸተሩ ብዙ ከተከፈተ ኮከቡ ነጥብ መሆኑ ይቀርና ሰረዝ ይሆናል። ፎቶግራፈሮች የሚጠቀሙበት ግምታዊ ሕግ አለ፤ 500ን ለሌንሱ ሚሊ ሜትር ማካፈል። ባለ 24 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወደ 20 ሰከንድ ይፈቅዳል ማለት ነው። በየ25 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ቢነሣ በሰዓት 144 ፎቶ ይሆናል፤ ይህም በሰከንድ 24 ምስል ሲታይ 6 ሰከንድ ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ቢነሣ ከአንድ ደቂቃ ያነሰ ፊልም ይወጣዋል። ትዕግሥት የሌለው ሰው ሠርግ ቢቀርጽ ይሻለዋል።

አሁን ወደ አቅጣጫው። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ የቆምንበትን ቦታ ኬክሮስ ያህል ነው፤ ብሩስም በከዋክብት ከፍታ ከተማዋን ካርታ ላይ ያስቀመጠው በዚሁ መርሕ ነው። ለንደን ላይ ኮከቡ ከሰማዩ አጋማሽ ከፍ ብሎ 51 ዲግሪ ላይ ይታያል፤ በዙሪያው ያሉት ከዋክብትም ሙሉ ክብ ይሠራሉ። ደባርቅና ስሜን ተራሮች ላይ ግን ከፍታው 13 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ክንድን ዘርግቶ በጭብጥ ቢለኩት ከአንድ ጭብጥ እምብዛም አይበልጥም። የፖስት ካርዱን ሙሉ ክብ እዚህ የሚፈልግ ያዝናል፤ ከትንንሾቹ በቀር ክቦቹ በከፊል ከአድማስ በታች ናቸው።

ግን የስሜን መልክዓ ምድር ለዚህ ዝቅ ያለ ኮከብ የተሠራ ይመስላል። ከግጭ ካምፕ ወጣ ብሎ 3,926 ሜትር ላይ ካለው የእሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ለሚመለከት ገደሉ ወደ ቆላው ይወርዳል፤ ኮከቡን የሚጋርድ ነገር የለም። ካሜራው ወደዚያ ሲዞር ከዋክብቱ ከገደሉ ማዶ እየወጡ በግማሽ ቀስት ዞረው መልሰው ይጠልቃሉ። ወደ ዋልታው የቀረበ ኮከብ ቀስ ብሎ ስለሚንቀሳቀስ እዚህ አቅጣጫ ሸተሩን ከ20 ሰከንድ በላይ መክፈት ይቻላል።

ወደ ምሥራቅ ከተዞረ ነገሩ ሌላ ነው። ለንደን ላይ ከዋክብት አግድም ተንሸራትተው ይወጣሉ፤ እኛ ጋር 13 ዲግሪ ብቻ ወደ ቀኝ አዘንብለው ቀጥ ብለው ይወጣሉ። በደቡብ በኩል ደግሞ ለንደን ላይ ፈጽሞ የማይታየው የደቡብ መስቀል ተራራ ካልከለለው 17 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። የሰሜን ኮከብንና የደቡብ መስቀልን በአንድ ሌሊት፣ ከአንድ ቦታ መቅረጽ ለአውሮፓዊው የማይሞከር ነው።

ወሩስ? ሁሉም የሚመኘው የፍኖተ ሐሊብ ደማቅ መሃል በምሽት ጎልቶ የሚታየው ከሰኔ እስከ ነሐሴ ነው፤ የሰሜኑ ዓለም መመሪያም በእነዚህ ወራት ውጡ ይላል። በእኛ አገር ያኔ ክረምት ነው፤ ከደመና በቀር የሚቀረጽ የለም። ለእኛ የሚሻለው ሚያዝያ ነው። በሚያዝያ አጋማሽ ይህ የጋላክሲያችን መሃል ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ በደቡብ ምሥራቅ ብቅ ይላል፤ የደቡብ መስቀልም በዚያው ሰዓት አካባቢ ጫፉ ላይ ይደርሳል። ሌሊት 10 ሰዓት ሲሆን ፍኖተ ሐሊብ በደቡብ በኩል 48 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል። የበልግ ደመና አንዳንድ ሌሊት ያበላሻል፤ ያም ሆኖ ከሐምሌ ጋር አይወዳደርም።

ጨረቃስ? ሙሉ ጨረቃ ፍኖተ ሐሊብን ታጠፋለች። እዚህ ላይ የበዓላት ማውጫው ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ፣ ያግዘናል። ፋሲካ በስሌቱ ሙሉ ጨረቃን ተከትሎ ይውላል፤ ስሌቱ ደግሞ ሰማይ ላይ ካለችው ጨረቃ አራት አምስት ቀን ዘግይቷል። ስለዚህ በበዓሉ ዕለት ጨረቃ ጎድላለች፤ ጨለማው ሌሊትም ከፋሲካ በኋላ ባሉት አሥር ቀናት ውስጥ ይገባል። ለምሳሌ በ2017 ዓ.ም. ፋሲካ ሚያዝያ 12 ዋለ፤ አዲስ ጨረቃ የሆነው ሚያዝያ 19 ነበር። በአብዛኛው ዓመት የፋሲካ ማግሥት ሳምንት የሰሜን ጎንደር ምርጥ የታይምላፕስ ሳምንት ነው። ፆሙም ተፈትቷል።

ጎንደር ከተማ ውስጥ ይሠራል ወይ ለሚል፣ ለደማቅ ከዋክብት ይሠራል። መብራት ሲጠፋ ከተማው ሁሉ ያማርራል፤ ካሜራ ያለው ግን ወደ ሰገነት ይወጣል። የከተማ ብርሃን ምን እንደሚያደርግ ለማወቅ እንጦጦን ማየት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ2013 ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ይዞ ሥራ የጀመረው ኦብዘርቫቶሪ 3,200 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆንም አዲስ አበባ እግሩ ሥር ናት፤ ባለሙያዎች ዓይናቸውን ወደ ላሊበላ ተራሮች ያዞሩትም ጨለማ ፍለጋ ነው። ስሜን ውስጥ ግጭ ካምፕ 3,600 ሜትር ላይ ደግሞ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ብቻ ነው፤ የከዋክብትን ብርሃን የሚያደበዝዘው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል።

ብርዱ ግን አይቀለድበትም። በበጋ ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ባትሪ ቶሎ ይደክማል፣ ሌንስ ላይ ጤዛ ይቀመጣል። ትርፍ ባትሪ ኪስ ውስጥ ከገላ ጋር ይያዝ። ፎከስ በደማቅ ኮከብ ላይ በእጅ ተስተካክሎ ይተው፤ ዋይት ባላንስም አውቶ ላይ አይሁን፣ አለዚያ ፊልሙ ብልጭ ድርግም ይላል። ከመነሣት በፊት ደባርቅ ያለውን የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ጠይቆ የመንገዱን ሰላም ማጣራትና ስካውት መያዝ ያስፈልጋል።

ሚያዝያ ላመለጠው ኅዳር አለ። በ2012 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት ኤችዲ 16175 የተባለውን ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረውን ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ብሎ እንዲሰይም ያቀረበችው ኢትዮጵያ ናት። ቡና ወደ 190 የብርሃን ዓመት ርቆ ስለሚገኝ በዓይን አይታይም፤ ከዓይን አቅም ግን ብዙም አይርቅም፣ የ20 ሰከንድ ሸተር ያወጣዋል። በኅዳር መጨረሻ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ ወደ ሰሜን 60 ዲግሪ ቀና በሉና አልማክና አልጎል የተባሉትን ሁለት ደማቅ ከዋክብት ፈልጉ። በሁለቱ መሃል ፎቶው ላይ የምታገኙት ደካማ ነጥብ ቡና ነው፤ በፊልሙም አልማክ በሄደበት መስመር ከግማሽ ሰዓት በኋላ ተከትሎ ያልፋል።