የአማካዮች ንጽጽርና የቲ ፈተሻ፦ በሥነ ልሳን ጥናት ነጻ ምልከታ የሚባለው ስንት ነው?

ሁለት አማካዮች ልክ ለልክ እኩል የሚሆኑበት ጊዜ እምብዛም ነው። አንድ አጥኚ «ገና» የሚለውን ቃል አንድ ጊዜ ጠብቆ (በዓሉን)፥ አንድ ጊዜ ላልቶ («እስካሁን» ለማለት) ቢያስነብብና ከ«ን» በፊት ያለውን አናባቢ በሚሊሰከንድ ቢለካ፥ የሁለቱ አማካይ መለያየቱ አይቀርም። ጥያቄው ልዩነቱ ከቋንቋው ሥርዓት የመነጨ ነው ወይስ በናሙናው አጋጣሚ የታየ የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ በሥነ ልቦና የመግቢያ ስታቲስቲክስ ትምህርት የሚሰጠው የቲ ፈተሻ በሥነ ልሳን ምሁራንም ዘንድ የተለመደ ሆኗል።

ፈተሻው የተወለደው በቢራ ፋብሪካ ነው። በደብሊን የጊነስ ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ዊልያም ጎሴት፥ ከጥቂት ናሙና መፍረድ ስለ ነበረበት ስሌቱን አበጅቶ እ.ኤ.አ. በ1908 «ስቱደንት» በሚል የብዕር ስም አሳተመው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ በአማካዮቹ መካከል ያለው ልዩነት ለራሱ መደበኛ ስሕተት ይካፈላል። ሁለቱን ቃላት ያነበቡት ያው ሰዎች ከሆኑ ጥንድ ፈተሻ፥ የተለያዩ ሰዎች ከሆኑ ደግሞ የነጻ ናሙናዎች ፈተሻ ይሠራል።

ለምሳሌ ያህል የአምስት ተናጋሪዎች ልዩነት 12፥ 4፥ 21፥ -3 እና 16 ሚሊሰከንድ ነው እንበል። አማካዩ 10፥ መደበኛ ስሕተቱ 4.28 ስለሚሆን ቲ 2.34 ይሆናል። በአራት የነጻነት ዲግሪ፥ በ5 ከመቶ ደረጃ፥ መታለፍ ያለበት ወሰን 2.78 ነው፤ ስለዚህ ባዶው መላምት አይጣልም። ይህም «ልዩነት የለም» ማለት አይደለም፤ አምስት ሰው ለፍርድ አልበቃም ማለት ብቻ ነው።

ፈተናው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። እያንዳንዱ ተናጋሪ ሁለቱን ቃላት ሃያ ሃያ ጊዜ ቢደግም መቶ ጥንድ ልኬት ይገኛል። መቶውን እንደ መቶ ነጻ ምልከታ የቆጠረ አጥኚ ወሰኑ ወደ 1.98 ይወርድለታል፤ ስሕተቱም አብዛኛውን ጊዜ ስለሚጠብ «ጉልህ» ውጤት በእጁ ይገባል። ነገር ግን የተጨመረው የአምስቱ ሰዎች ድምፅ እንጂ ሌላ ተናጋሪ አይደለም። ድግግሞሽ የእያንዳንዱን ሰው አማካይ ያጠራል፤ ስለ ቋንቋው ማኅበረሰብ የሚመሰክረውን ሰው ቁጥር ግን አያበዛም።

ናይሮቢ ተቀምጦ የኪካምባ ወይም የዶሉኦ ተናጋሪ ማግኘት አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የተገኙት ሰዎች ብዙ ጊዜ እርስ በርስ የሚተዋወቁ፥ አንዱ ሌላውን ያመጣው መሆናቸው ነው። የዚህን ክብደት በኬንያ የተካሄደው ፕሪምር የተባለው የመጀመሪያ ደረጃ ንባብና ሒሳብ ፕሮግራም ያሳያል። በማቻኮስ በኪካምባ፥ በቡንጎማ በሉቡኩሱ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ሲፈተሽ፥ በዕጣ የተመደቡት ልጆቹ አንድ በአንድ ሳይሆኑ የትምህርት ቤቶች ዞኖች ነበሩ። በአንድ ክፍል ያሉ ልጆች መምህራቸውን ይጋራሉ፤ ስለዚህ የንባብ ውጤታቸው ይመሳሰላል። እያንዳንዱን ልጅ እንደ ነጻ ምልከታ ቆጥሮ ተራ የቲ ፈተሻ የሚሠራ ሰው የአንድ ጎበዝ መምህርን ሥራ የቋንቋው ጥቅም አድርጎ ሊያቀርብ ይችላል። እንዲህ ያለ ቁጥር በየትኛው ቋንቋ ይማሩ የሚለውን ውሳኔ ስለሚነካ ስሕተቱ በጽሑፍ ላይ ብቻ አይቀርም።

ከተናጋሪዎቹ ሌላ ቃላቱም ናሙና ናቸው። ኸርበርት ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1973 የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችን የነቀፈው በዚህ ነበር፦ በጥቂት ቃላት የታየውን ውጤት ለቋንቋው ሁሉ ይሰጡ ነበር። ስለ መጥበቅና መላላት በ«ገና» ብቻ የተደረሰበት ድምዳሜም ስለ «ገና» ብቻ ይናገራል፤ «አለ»ና ሌሎች መሰል ጥንዶች አልተለኩምና። ዛሬ ተናጋሪንም ቃልንም በአንድነት የሚያስቡ የተቀላቀሉ ሞዴሎች አሉ። እነርሱን መጠቀም ያልቻለ አጥኚ በመጀመሪያ የየተናጋሪውን አማካይ አውጥቶ የቲ ፈተሻውን በነዚያ አማካዮች ላይ ይሥራ፤ በሠንጠረዡም ከልኬቶቹ ብዛት አስቀድሞ የሰዎቹንና የቃላቱን ቁጥር ይጻፍ።